የ1960ው ነገር ደብተር ላይ ይስፈር

ፊደል ቆጥረናል። ስማችንን እንጽፋለን፤ የግብር ደረሰኝ እናነባለን። ጥሩ ነው። ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠያየቅ። ብቸናና ሞጣ ላይ በ1960 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ከመካከላችን ጽፎ ያስቀመጠ ማን ነው?

ወሬውን የማያውቅ የለም። በለቅሶ ቤትም በጠላ ቤትም ይነሣል። በኅዳር 1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ አሥራትን ሻረና ገበሬው በምርቱ ልክ ተገምቶ እንዲከፍል አዘዘ። ገማች ሊመጣ ነው ተባለ። ገበሬውም ገማቹን እንደ መሬት ለኪ አየው። ለምን ቢሉ፣ የጎጃም መሬት ርስት ነበር፤ ከአያት ከቅድመ አያት ተቆጥሮ የሚካፈሉት። ቀላድ በተጣለበት አገር ግን ስንቱ ባለመሬት ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ ሰምቷል። በ1934 የመሬት ግብር አዋጅ ሲወጣም አባቶቹ «አናስለካም» ብለው ነበር። በዚያ ላይ በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ዘመን መዋጮው በዝቶ ሰው ተማሮ ነበር።

አንዳንድ የተማረ ሰው «ገበሬው አዋጁን ሳይገባው ነው የተነሣው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እርግጥ አዋጁ የታተመው በነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ ገበሬው ደግሞ ማንበብ አይችልም ነበር። ግን ገምት ተብሎ የሚላከው የማን ሰው እንደሆነ ያውቃል። ለዚያ ለዚያ ፊደል አያስፈልገውም።

ታዲያ ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞትም «ገማች አናስገባም» አሉ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም መጣ። ገበሬው ግን አልተበተነም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ በ1961ም የቆየው ውዝፍ ግብር ተማረ። ይህ ሁሉ የሆነው መሬት ለአራሹ ከመታወጁ፣ ማለትም ከየካቲት 25 ቀን 1967 በፊት ነው። የገበሬ ማኅበርም ገና አልነበረም። እንዴት ተጠራሩ? ማን ለማን መልእክት አደረሰ? ስንቁን ማን አዘጋጀ?

ይህን ፈልጎ ማንበብ የሚሻ ሰው ምን ያገኛል? የሹማምንት ደብዳቤ በመንግሥት መዝገብ ቤት አለ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀም በፈረንጆች 1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለዚህ ዐመፅ በሰፊው ጽፈዋል። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው። የእነማይ ገበሬ የአባቱን ነገር ለማንበብ የባሕር ማዶ ቋንቋ ሊማር ነው ማለት ነው! እንዲያውም አገራችን የጽሑፍ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ብራና ሲፋቅና መጽሐፍ ሲገለበጥ ስንት ዘመን ኖሯል። ነገር ግን እዚያ የተጻፈው የቅዱሳን ገድልና የነገሥታት ስም ነው፤ ብራናውን ያበላው ገበሬ ከነበሬው ውጭ ቀረ።

መሃይምነትን የማጥፋት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ሲጀመር የ1960 ሰዎች ገና ጎልማሶች ነበሩ። ምነው ያኔ በተጻፈ! ያኔ ግን ሀ ሁ ቆጠርንና መፈክር ጻፍን። ዛሬ፣ በ1960 የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረው ሰው ከ75 ዓመት አልፎታል። ባለፈው ክረምት የቀበርናቸውን ሽማግሌዎች እንቁጠርና ምን ይዘው እንደሄዱ እናስብ።

እንግዲህ የምለው፣ በየጎጡ አንድ ደብተር ይገዛ። ጽሑፉ የሚያምር ባይሆን አይገደንም፤ ፊደል ቢሳሳትም ሌላው ያርመዋል። ሽማግሌው እንደተናገሩት፣ በራሳቸው አነጋገር ይጻፍ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ቢናገር ሁለቱም ይጻፍ እንጂ አይታረቅ። ወንዶቹን ብቻ አትጠይቁ። ባል ዱር ሲገባ ቤት የቀረችው ሴት ጦሩ ሲመጣ ከብቱን ወዴት እንደነዳች፣ እህሉን የት እንደቀበረች ታውቃለች። የሞቱት ሰዎች ስም ከነአባታቸው ስም ይጻፍ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ያኔ ለሹሙ ያደረም ነበር፤ ጎረቤቱን የጠቆመም ነበር። ልጆቹ ከእኛ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። «ይህ ከተጻፈ የድሮ ቂም ይነሣል» የሚሉ አሉ፤ ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። እኔ ግን የተደረገው ይጻፍ እላለሁ፤ የጠቋሚው ስም ይቅር። ስሙም ይግባ የሚል ካለ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይምከሩበት። ለዚህ ተብሎ ግን ደብተሩ ባዶውን አይቀመጥ።

ሲያልቅም ሦስት ቦታ ይገልበጥ፤ አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ሰው ቤት። አንዱን ምስጥ ቢበላው ሌላው ይተርፋል።

ሥራው ረጅም አይደለም። ማታ ቡና ሲፈላ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ኩራዙን ይያዝ። ሽማግሌው ሲደክማቸው ይቁም፤ በማግስቱ የተጻፈው ይነበብላቸውና «እዚህ ጋ ተሳስተሃል ልጄ» ካሉ ይታረም።