ማለፊያ ካርድ

በአማርኛ «ማለፊያ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው የሚያሳልፍ ነገር ወይም መተላለፊያ ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው መልካም፣ ያማረ ማለት ነው። ቋንቋውን በመማር ላይ የሚገኙ የሥራ ባልደረቦቻችን ይህን ቃል በሁለቱም ፍች ሊጠቀሙበት የሚችሉበትን አንድ ነገር በዛሬው ጽሑፋችን እናቀርብላቸዋለን። ነገሩም በእጅ ስልክ ውስጥ የሚቀመጠው የደንበኞች ካርድ ነው።

እዚህ በጅቡቲ ከተማ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸውን አንዲት ወይዘሮ እናውቃለን። ደንበኞቻቸው በብዛት ከሀገራችን ወደ ወደቡ ጭነት ለማንሣት የሚመጡ ሾፌሮች ናቸው። እነዚህም ገንዘብ በእጃቸው ሳለ የሠላሳ ምሳ ዋጋ አስቀድመው ይከፍሉና አንድ የካርቶን ካርድ ይቀበላሉ፤ በበሉም ቁጥር ካርዱ ይበሳል። ዳሩ ግን የከተማው ሙቀት በሐምሌ ወር ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በደረት ኪስ የተቀመጠ ካርቶን ከላብ አይተርፍም።

አንድ ቀን የቆየ ደንበኛቸው ቀዳዳው ከቀዳዳ የማይለይ ካርድ ይዞ ቀረበ።

«እትዬ፣ አሥራ አንድ ምሳ ይቀረኛል» አለ።

«ወንድሜ፣ በደብተሬ የጻፍሁት ስድስት ነው» አሉት።

ሁለቱም የሚዋሹ ሰዎች አልነበሩም። ይሁን እንጂ ሾፌሩ ምሳውን ሳይበላ ወጣ፤ ሁለት ወርም ደጃቸውን ሳይረግጥ ቀረ።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቶማስ ኤድመንድሰን የተባለ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጨረሻ፣ ተራ ቁጥር የታተመበትን የካርቶን ቲኬት አወጣ። ከዚያ በፊት ቲኬት በእጅ ይጻፍ ስለ ነበር፣ ስንት እንደ ተሸጠ በትክክል ለማወቅ ያስቸግር ነበር። ቁጥሩ ግን ሻጩንም ገዢውንም ከጥርጣሬ አዳነ።

የዛሬው ካርድም የዚያው ዐሳብ ልጅ ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ቲኬትንና የደንበኛ ካርድን በስልክ ውስጥ የሚሰበስብ ቦርሳ አወጣ፤ ጉግልም የራሱ ቦርሳ አለው። በካርዱ ላይ የሚታየው ባለ ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት በ1994 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገር ዴንሶ ዌቭ በተባለ ኩባንያ የተፈለሰፈ ነው። ይህ ካርድ ግን ከገንዘብ ቦርሳ ጋር እንዳይምታታ ያሻል። በጅቡቲ ዲ-መኒ፣ በሀገራችንም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ገንዘብን ራሱን ያስተላልፋሉ፤ ማለፊያ ካርዱ ግን የተከፈለውንና የቀረውን የሚመሰክር ወረቀት አልባ ደረሰኝ ነው።

የወይዘሮዋ የእኅት ልጅ ተማሪ ናትና ነገሩን ሰምታ መጣች። እርስዋም የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ አታውቅም። እንዲህ ያለውን ካርድ በራስ ለማውጣት ለአፕል በዓመት 99 የአሜሪካ ዶላር ከፍሎ ምስጢራዊ ማኅተም መቀበልና ፕሮግራም ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ማኅተሙም ከካርዱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ስልኩ አልቀበልም እንዲል የሚያደርግ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ በባለ ሱቁ ስም የሚፈጽሙ የአገልግሎት ድርጅቶች አሉ። ባለ ሱቁ የካርዱን ዐይነት ይመርጣል፤ ስሙን፣ ቀለሙንና የሚቈጠረውን ነገር ይሞላል፤ ከዚያም ምልክቱን አትሞ በግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ደንበኛው ስልኩን ወደ ምልክቱ አቅንቶ ካርዱን ይቀበላል። ምሳ ሲበላ የቤቱ ስልክ የካርዱን ምልክት ያነባል፤ መዝገቡም አንድ ይቀንሳል፤ በደንበኛውም ስልክ ላይ ቁጥሩ ይለወጣል።

ጥንቃቄ ግን አይጓደል። የካርዱን ፎቶግራፍ ለሌላ ሰው መላክ ይቻላልና፣ መታመን ያለበት በስልክ ላይ የሚታየው ሥዕል ሳይሆን በመዝገቡ ያለው ቁጥር ነው። ድርጅቱ በካርድ ብዛት ወይስ በወር እንደሚያስከፍል አስቀድሞ መጠየቅ፣ ካርዱንም በሁለቱም ዐይነት ስልኮች መሞከር ይገባል። ከደንበኛው ከሚያስፈልገው በላይ መጠየቅም ነውር ነው፤ ምሳ ለመብላት የትውልድ ቀን መናገር አያሻም። መብራት በጠፋ ቀን ደብተሩ ያገለግላል፤ ዘመናዊ ስልክ የሌለውም ሰው በካርቶኑ ይብላ እንጂ አይመለስ።

የእኅታቸው ልጅ ካርዶቹን አንድ በአንድ ስታዘጋጅ የዚያ ሾፌር ተራ ደረሰ። መሣሪያው «የቀረው ስንት ነው?» ብሎ ባዶ ቦታ አሳየ።

«አክስቴ፣ ስንት ልጻፍ?» አለች።

ወይዘሮዋ ደብተራቸውን ገለጡ፤ ስድስት ይላል። ዘጉትና ጥቂት ዝም አሉ።

«አሥራ አንድ በዪ» አሉ። «ካርቶኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ላብ የማይችል ወረቀት ሰጥቼ ሰውን መክሰስ አልችልም።»

መልእክቱ ለሾፌሩ ተላከ። በሚቀጥለው ጉዞው መጥቶ ስልኩን አስነበበ፤ ቁጥሩም አሥር ሆነ። ስለ አለፈው ነገር ከሁለቱ አንዳቸውም አላነሡም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ መሣሪያው ከዛሬ ወዲያ የሚበላውን በትክክል ይቈጥራል፤ ትናንት የተበላውን ግን ሊፈርድ አይችልም። የመጀመሪያውን ቁጥር የሚጽፈው ሰው ነው። ያ ቁጥር በቅን ልቡና የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ካርዱ በሁለቱም ፍች ማለፊያ ይሆናል።