ለቤተ ሰብ ምክር፤ ለጀማሪ ልጅ የገና ዱላና ሩር አመራረጥ

ልጅ ከምግብና ከትምህርት ቀጥሎ ጨዋታ እንደሚያስፈልገው አስተዋይ ወላጅ ኹሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ጨዋታ መሣሪያን፤ መሣሪያም ወጪን የሚጠይቅ ስለሚመስል፤ የቤቱን ገንዘብ የሚጠብቅ አባት «ይህ ለባለጸጋ ልጅ ነው» ብሎ ልጁን የሚከለክልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ የሚኖር ቤተ ሰብ፤ ገና መጫወት ለሚጀምር ልጁ ዱላና ሩር በጥቂት ወጪ እንዴት ሊያዘጋጅለት እንደሚችል ዛሬ እንገልጻለን።

አስቀድሞ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። ጐልፍ የሚባለው ጨዋታ እንደ ገና ኹሉ ትንሽ ኳስ በዱላ የሚመታበት ነው። ሕጉም ኳሱ በወርዱ ከ42.67 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፤ በክብደቱም ከ45.93 ግራም እንዳይበልጥ ያዛል። ዱላውም ብዙ ዓይነት ስለ ሆነ፤ ቀድሞ አንዳንዱ ተጫዋች ከ20 የሚበልጥ ዱላ ያስሸክም ነበር። በኋላ ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1938 በአሜሪካ፤ በ1939 በብሪታንያ፤ ማንም ከ14 ዱላ በላይ ይዞ እንዳይጫወት ተወሰነ። ለጀማሪስ 14ቱም አያስፈልጉትም፤ አንድ ለሩቅ፤ አንድ ለቅርብ፤ አንድም ኳሱን ወደ ጕድጓዱ ለመግፋት የሚሆን፤ ሌላ ሰው የተገለገለበት ዱላ ቢገኝ ትምህርቱን ለመጀመር ይበቃዋል። ዕቃ ስለ በዛ ዕውቀት አይበዛምና።

የእኛ ገና ግን ከአንድ ዱላና ከአንዲት ሩር በቀር ምንም አይጠይቅም። ይህም ጨዋታ በልደት በዓል ሰሞን ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው የሚጋጠሙበት የአባቶቻችን ጨዋታ ነው፤ የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽንም ከሚያወዳድርባቸው ጨዋታዎች አንዱ ነው። በፎገራ ሜዳም በዓሉ የሚውለው ሩዙ ታጭዶ ከተነሣ በኋላ ስለ ሆነ፤ ሰፊ ሜዳ ያለ ኪራይ ይገኛል።

ስለ ዱላው የሚመረመረው ነገር ሦስት ነው።

አንደኛው እንጨቱ ነው። ወይራ ጽኑና ዘላቂ ነው፤ ነገር ግን ስለሚከብድ ቀጠን ተደርጎ ካልተጠረበ ለትንሽ ልጅ አይመችም። ባሕር ዛፍ በየደጁ ስለሚገኝ ይረክሳል፤ ሲደርቅ ግን መሰንጠቅ ይወዳልና ከፀሐይ ርቆ በጥላ ቀስ እያለ ሊደርቅ ይገባዋል። ከኹሉም የሚሻለው በተፈጥሮው ጫፉ የቈለመመ እንጨት ነው፤ የእንጨቱ ጅማት ጐባጣውን ተከትሎ ስለሚሄድ በቶሎ አይሰበርም። እንዲህ ያለው ባይገኝ፤ እርጥቡን በትር በረመጥ አሙቆ ጫፉን ማጕበጥና እስኪደርቅ ድረስ በገመድ አስሮ መተው ነው። ይህም በበዓሉ ዋዜማ የሚሆን ሥራ ስላይደለ፤ እንጨቱ ሳምንታት ቀድሞ ይቈረጥ። ልጆችም ዱላ ሲፈልጉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደን እንዳይገቡ አደራ እንላለን። በደቡብ ጐንደር ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በዚያ ቅጥር ውስጥ ያለው ነውና።

ሁለተኛው ልኩ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዱላው ከዳሌው ቢደርስ መልካም ነው። ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ በአንድ እጁ ሲይዘው ክንዱ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ከብዶታል። «እያደገ ይደርስበታል» ተብሎ የሚገዛ ረጅም ዱላ ልጁን ያደክመዋል፤ ባልንጀራውንም ያቈስላል። ይልቅስ ዛሬ በልኩ ተሠርቶ፤ ሲያድግ ለታናሹ ቢተላለፍ አንድ ዱላ ሁለት ልጅ ያገለግላል።

ሦስተኛው ደኅንነቱ ነው። ከገበያ የሚገዛ ሰው ዱላውን በድንጋይ ላይ መታ መታ አድርጎ ያዳምጥ። ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠ ደኅና ነው፤ ድምፁ የታፈነ ግን ውስጡ ተሰንጥቆ ወይም ነቅዞ ይሆናል። በከብቱ በታወቀው በፎገራ ጠፍር ማግኘት አይቸግርምና፤ ቈልማማው በእርጥብ ጠፍር ቢጠመጠም፤ ሲደርቅ ራሱ ጠብቆ እንጨቱን ይይዘዋል።

አሁን ሩር፤ በሌላም ስሟ ጥንግ ወደምትባለው እንመለስ። ዐዋቂዎች የሚጫወቱባት የእንጨት ሩር ለጀማሪ ልጅ አትገባም። ጥርስና ዐይን ታጠፋለችና። የቤት እመቤት አሮጌ ጨርቅ አጥብቃ ጠቅልላ፤ በክር ደጋግማ አስራ፤ በቍራጭ ቈዳ ብትሰፋት ገንዘብ ሳይወጣ መልካም ሩር ትሆናለች። ልጁ ዱላውን ከጕልበቱ በላይ ሳያነሣ መምታት እስኪለምድ ድረስ በእርሷ ይጫወት። ምናልባት አደጋ ደርሶ ዐይኑ ቢመታ፤ ማሸትም፤ ቅቤ ወይም ቅጠል ማድረግም አይገባም። ዐይኑን ሳይጫኑ በንጹሕ ጨርቅ ከልሎ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ስለ ስፍራውም ጥቂት እንጨምር። የፎገራ ጥቍር አፈር በበጋ እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ፤ ሩሯን ይውጣል፤ የሚሮጠውንም ልጅ እግር ይይዛል። ስለዚህ አባት አስቀድሞ ሜዳውን ዞሮ ይመልከት፤ ከመኪና መንገድም የራቀ ይሁን።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ የሚፈልገው የተወደደ ዕቃ አይደለም፤ በልኩ የተጠረበ በትርና የሚያስተምረው ታላቅ ነው። ወንዱ ሲጫወት ቆማ የምታይ እኅቱም ብትጠይቅ፤ ለእርሷም በልኳ አንድ ዱላ ይጠረብላት። የሰውነት ጤንነት ለወንድ ብቻ የተሰጠ አይደለምና።