ኮንዶሚኒየም የገባችው አዳኝ

«ስለ ድመት ደግሞ ምን ይጻፋል? አይጥ ከያዘች በቃ» አለችኝ እናቴ የዚህን ወር ርዕስ ስነግራት። በእሷ ጊዜ ድመት የማድ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ቀን ምድጃ ዳር ትተኛለች፣ ሌሊት ጓዳ ትጠብቃለች፤ ሳሎን የመግባት መብትም አልነበራትም። ዛሬ ድመቷ ከእኛ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ጓሮ የለ፣ የምትወጣበት ዛፍ የለ፣ አይጥ የለ። የአደን ፍላጎቷ ግን አብሯት ፎቅ ወጥቷል። ታዲያ ምን ይታደን? መጋረጃው፣ የነጠላው ጥለት፣ ከብርድ ልብሱ ሥር የሚንቀሳቀሰው የባለቤቴ አውራ ጣት።

የእኛዋን ልጆቹ «ቤላ» ይሏታል፤ እናቴ ደግሞ ድመት ሁሉ ስሙ ውሮ ነው ብላ «ውሮ» ትላታለች። እሷ ለሁለቱም አትመጣም። ስምንት ወሯ ነው። በዓል ደርሶ ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ሳሎኑ ጫካ ይሆንላታል፤ ሆዷን ምንጣፍ ላይ ለጥፋ፣ ዳሌዋን እያወዛወዘች ታደባና በእንግዳ እግር ላይ ትወረወራለች። የረከቦቱ ሲኒዎች ከስድስት ወደ አራት ወርደዋል።

ብዙ ቤተሰብ የሚማረረው በዚህ ዕድሜ ነው። በሦስት ወሯ ያሳቀችው ድመት በስምንት ወሯ ታስለቅሳለች። ያኔ በከተማችን የታወቀው መፍትሔ ይመጣል፦ ኬሻ ውስጥ ጨምሮ፣ መንገዷን እንዳታውቅ መኪና ላይ ጭኖ ራቅ ያለ ሰፈር መጣል። ሉካንዳ ቤት አካባቢ ትበላለች ይባላል። ቤት ውስጥ ያደገች ድመት ግን ከመኪና መሸሽ አታውቅም፣ ከውሻ ማምለጥ አልለመደችም። ልጆቹም ድመቷ የት እንደሄደች መጠየቃቸው አይቀርም።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። እውነት ነው፤ አመሉ ግን ክፋት አይደለም። ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ያህል ትተኛለች፤ የምትነቃቃው በተለይ ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ ትናንሽ እንስሳት የሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ስለሆነ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የምትጋልበው እናንተን ለማናደድ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ማንም ሳያጫውታት ተኝታ ውላ ጉልበቷ ሞልቶ ፈስሶ ነው።

ስለዚህ ጉልበቱን ማታ ማስጨረስ ነው። ከእራት በፊት አሥር ደቂቃ ይበቃል። የበዓሉን ዶሮ ላባ ከእንጨት ጫፍ ጋር አስሮ ማንቀሳቀስ፣ የተጨማደደ ወረቀት መወርወር፣ ባዶ ካርቶን ቀዶ መስኮት ማበጀት። ላባው እንደ አይጥ ይሽሽ፣ ይደበቅ፣ ይቁም። መጨረሻ ላይ ግን ትያዘው። አደን ማድባት፣ ማሳደድ፣ መያዝና መብላት ነው፤ መያዙ ከቀረ ብስጭት ይተርፋታል። (የልጆቹን የሌዘር መብራት የማልወድላቸው ለዚህ ነው፤ ብርሃን አይያዝም።) ወዲያው ምግቧን ስጧት። በልታ፣ ፊቷን ታጥባ ትተኛለች። እኛ ቤት ሩጫው ጨርሶ አልቆመም፤ ወደ ንጋቱ 12 ሰዓት ግን ተገፍቷል። እሱ ደግሞ ልጆቹ ለትምህርት ቤት የሚነሱበት ሰዓት ስለሆነ ማንም አይከሳትም።

እጅ መጫወቻ አይሁን። ለትንሿ ድመት ጣት እየሰጡ ማሳቅ ደስ ይላል፤ ያው ጣት በዓመቱ የሚነከስ ይሆናል።

ክር ደግሞ ከሁሉ ያሳስበኛል። የድመት ምላስ ላይ ያሉት ሻካራ እሾሆች ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ስለሆኑ አንዴ የያዘችውን ክር መትፋት ይቸግራታል፤ ትውጠዋለች። ክሩ አንጀቷን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል። የጋቢ ዘርፍ፣ የስፌት ክር፣ የስጦታ ሪባን ከፊቷ ይነሣ። ከአፏም ሆነ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ብታዩ አትጎትቱት፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። ወጥም አታቅምሷት፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ቀይ የደም ሴሎቿን ይጎዳል።

በረንዳውስ? ድመት ከየትም ብትወድቅ በእግሯ ትቆማለች የሚለው ብዙ ሰው ያዘናጋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ የኒውዮርክ የእንስሳት ሐኪሞች ጥናት ከፎቅ የወደቁ 132 ድመቶችን ተመልክቶ ነበር፤ ከታከሙት 90 በመቶዎቹ ተርፈዋል። ነገር ግን የተቆጠሩት ሐኪም ዘንድ የደረሱት ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ደረታቸውና ፊታቸው ተጎድቶ ነበር። ወፍ አይታ የዘለለች ድመት ፎቅ አትቆጥርም። እኛ ብረቱ ላይ ወንፊት ሽቦ አስወጥረናል፤ ለጎረቤት አያምርም፣ ይሁን።

በጨዋታ መሃል ልጅ ብትነክስ ወይም ብትቧጭር፣ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «የእብድ ውሻ በሽታ» ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትንም ይይዛል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ከቤት የማትወጣም ብትሆን ትከተብ፤ ክትባቱም በጊዜው ይታደስ። የቤላ ቀጠሮ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ካርቶን ውስጥ የማስገባቱን ሥራ ለባለቤቴ ትቼለታለሁ፤ ወፍራም ጃኬት ለብሶ እንዲጀምር መክሬዋለሁ።