ተራራ ለመውጣት ከእስር የጠፋው ጣሊያናዊ

መቼም ከእስር የሚጠፋ ሰው የሚጠፋው ላይመለስ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ሰው ግን ከካምፕ በጠፋ በ18ኛው ቀን ርቦት፣ ጫማው አልቆ፣ በገዛ እግሩ ተመልሶ ለአሳሪዎቹ እጁን የሰጠ ነው። «ምነው፣ አእምሮው ተነክቶ ነበር እንዴ?» ትሉ ይሆናል። የለም። ሕግ የተማረው እዚሁ ሮማ ነው፤ ኋላም የአገሩ ዲፕሎማት ሆኖ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1988 እዚሁ ሮማ ነው ያረፈው። ስሙ ፌሊቼ ቤኑዚ ይባላል።

ነገሩ እኛንም ይነካናል። ቤኑዚ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በወረራው ዘመን የቅኝ አገዛዙ ባለሥልጣን ሆኖ ነውና። አርበኞቻችን በየዱሩ ሲዋደቁ እሱ ከወራሪው ቢሮ ደመወዙን ይቀበል ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸነፍ እንግሊዞች ማርከው ወደ ኬንያ ወሰዱትና ናንዩኪ ላይ 354 ቁጥር በተሰጠው የምርኮኞች ካምፕ አስገቡት። ጭቃ፣ ሽቦ፣ የቆርቆሮ ምግብ፣ ሥራ ፈትነት። አንድ ቀን ማለዳ ታዲያ ደመናው ገለጥ ሲል የኬንያ ተራራ በረዶውን ለብሶ ፊት ለፊቱ ተገተረ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ተራራ ሁሉ አንድ አይደለም። የእኛ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ቢሆንም ጉልበትና ሳንባ ላለው ሰው በእግር ይወጣል። የኬንያ ተራራ ትልቁ ጫፍ ባትያን ግን 5,199 ሜትር ከመሆኑም በላይ ቀጥ ያለ አለትና በረዶ ነው። ደብረ ዳሞን በጠፍር የወጣችሁ ወንድሞች ይገባችኋል። ያንን አንድ ገደል በላይ በላዩ ደራርቡት፤ ድንጋዩ ላይ በረዶ አልብሱት፤ ከላይ ሆኖ ጠፍሩን የሚጎትትላችሁን አባ ደግሞ አንሱት። ባትያን ላይ ገመዱን ከላይ የሚያወርድ የለም። አንዱ ቀድሞ በጣቱና በጫማው ጫፍ እየቧጠጠ ይወጣል፣ ቦታ ይዞ ያስራል፣ ከዚያ ጓደኛውን ያወጣል። ቀዳሚው ከወደቀ ሁለቱም አለቀላቸው። እንግሊዛዊው ማኪንደር እ.ኤ.አ. በ1899 መጀመሪያ ሲወጣው ከኩርማየር ሁለት የጣሊያን መሪዎች ይዞ ነው። ሁለተኛ የሚወጣው ሰው የተገኘውም ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1929 ነው።

ምርኮኞቹ እንግዲህ ይህን ሊደፍሩ ነው የተነሡት፤ ያውም ባዶ እጃቸውን! ካርታ የላቸውም። ያላቸው በቆርቆሮ ሥጋ ላይ የተለጠፈ የተራራው ሥዕል ነው። ከመዶሻ የበረዶ መጥረቢያ ሠሩ። ጫማ ሥር የሚታሰረውን የብረት ጥርስ ከመኪና ፓራፋንጎና ከአጥር ሽቦ አስቀጠቀጡ። ገመዱን ከአልጋቸው ቃጫ ገመዱት፤ ሕይወታቸው የሚንጠለጠለው በዚያ ነው እንግዲህ። ከራሽናቸው ላይ ለወራት እየቆነጠሩ ስንቅ አጠራቀሙ። የአትክልቱን በር ቁልፍ አስመስለው አሠሩ። ከሐኪሙ ከጆቫኒ ባሌቶና ተራራ ወጥቶ ከማያውቀው ከኤንዞ ባርሶቲ ጋር ጥር 16 ቀን 1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1943)፣ በእኛ አገር ጥምቀት ባለፈ በአምስተኛው ቀን፣ ውልቅ አሉ።

ጫካውን አውራሪስና ዝሆን እየሸሹ አለፉት። ላይ ሲደርሱ ባርሶቲ ታሞ ድንኳን ውስጥ ቀረ። ቤኑዚና ባሌቶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ባለው ሸንተረር ባትያንን ሞከሩት። በረዶ አዘል ማዕበል መጣባቸው። ገመዱ ረጠበ፣ አለቱ በረዶ ለበሰ፣ ተመለሱ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የማደንቀው ይህችን ነው፤ ያን ሁሉ ወር ደክሞ፣ ጫፉን በዓይኑ እያየ፣ «በቃ» ብሎ መመለስ! በቃጫ ገመድ የገፋበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው አይኖረንም ነበር። አርፈው ጥር 29 ቀን 4,985 ሜትር ወዳለው ወደ ሌናና ጫፍ ወጡ። ይህኛው በእግር የሚወጣ ነው። ከካምፕ ሰፍተው ያመጡትን የአገራቸውን ባንዲራ ተከሉ፤ ስማቸውንም በጠርሙስ ከተው አኖሩ።

ለምን ተመለሱ? ገለልተኛ የነበረው የፖርቱጋሎቹ ሞዛምቢክ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ወዴት ይሂዱ? የካምፑ አዛዥ 28 ቀን ዝግ እስር ፈረደባቸውና ለጀብዱው አድንቆ 7 ቀን አደረገላቸው። ቤኑዚ አገሩ የገባው በ1946 ነው። በማግሥቱ ዓመት ታሪኩን «ፉጋ ሱል ኬንያ» ብሎ በጣሊያንኛ አሳተመው፤ በ1952 ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጣ።

እኔ መጽሐፉን ያገኘሁት ቴርሚኒ አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ነው። ሳነበው ግማሽ ልቤ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ይቆጣል። የእኛ ሰዎች ሶማሊያ ውስጥ ዳናኔ ላይ በጣሊያን እጅ ሲታሰሩ በበሽታና በረሃብ ነው ያለቁት። ከየካቲት 12 በኋላ መኳንንቱ ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ልዑል ራስ እምሩም ፖንዛ ደሴት ላይ ታስረው ነበር። ለእነሱ «ጎበዝ» ብሎ ቅጣት የሚቀንስ አዛዥ አልነበረም።

ቢሆንም ሰውዬውን ልጥለው አልቻልኩም። ስሙን ከዶጋሊ ሙታን በወሰደው በቴርሚኒ አደባባይ ቆሞ ወረቀት የሚጠብቀው ወጣታችን የዚህን ሰው ነገር ከማንም ይበልጥ ይረዳዋል። ቀን የማይቆጠርበት፣ ነገ ከዛሬ የማይለይበት ኑሮ ምን እንደሆነ ያውቃላ! ቤኑዚ ቃጫውን ሲገምድ ያንን ጊዜ ከአሳሪው እጅ ነጥቆ የራሱ አደረገው። ወራሪ ነበር፤ ይህም እውነት ነው።

እነሱ የ18 ቀኑን ጽፈውታል። በየደሴቱ ስለታሰሩት አባቶቻችን ግን በየቤቱ ያለው ገና ብዙ ነው። ከአዚናራ ወይም ከፖንዛ የተላከ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የአያት ወግ ያላችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩ አምዱ ክፍት ነው። ፖንዛን ማየት የምትፈልጉ ደግሞ ከቴርሚኒ ፎርሚያ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ ነው።