ከወዳጅ እጅ የመጣ ጨዋታ

ስጦታ ይዞ የመጣን እንግዳ «ምን ደብቀህበታል?» ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በሌላውም ዓለም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የትሮይ ሰዎች በግሪካውያን ትረካ ውስጥ ያንን የእንጨት ፈረስ በገመድ እየጎተቱ ወደ ከተማቸው ያስገቡት ማንም አስገድዷቸው አልነበረም። ዛሬ ለአንባቢያን ልናነሳው የወደድነው ስጦታ ግን ከፈረሱ እጅግ ያነሰ ነው፤ እንደ መነጽር በጆሮ ላይ የሚንጠለጠል፣ ዋጋም የማይጠየቅበት አንድ ጨዋታ ነው።

ታሪኩ የሚገኘው «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» በተሰኘው የአሜሪካ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1991 ለተመልካች በቀረበውና «ዘ ጌም»፣ ማለትም «ጨዋታው»፣ በተባለው ክፍል ነው። ኢንተርፕራይዝ የተባለችው የጠፈር መርከብ ምክትል አዛዥ ራይከር፣ ሪሳ በምትባል የመዝናኛ ፕላኔት ላይ ዕረፍቱን ሲያሳልፍ ኢታና ከተባለች ሴት ጋር ይወዳጃል። እርሷም ይህንን መሣሪያ ታጠልቅለታለች። መሣሪያው በዓይን ፊት ምስል ይደቅናል፤ ተጫዋቹ አንዲትን ዝርግ ክብ ነገር በሐሳቡ እየመራ ቀንድ መሰል በሆነ አፍ ውስጥ ያስገባል፤ በተሳካለት ቁጥርም መላ ሰውነቱን ደስታ ይወርረዋል። ሌላ ነገር የለውም። እንደ ጨዋታ ከተመዘነ ገበጣን ወይም ቼዝን የሚያውቅ ሰው የሚያፍርበት ደረቅ ነገር ነው።

ራይከር ወደ መርከቧ ሲመለስ የቀመሰውን ለባልደረቦቹ ያካፍላል። የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ክራሸር ጨዋታውን ከወደደችው በኋላ ከአካዳሚ ለዕረፍት የመጣውን የገዛ ልጇን ዌስሊን «እስቲ ሞክረው» ትለዋለች። ከሁሉ አስቀድማ ግን ዳታ የተባለውን ሰው ሠራሽ ባልደረባ በተንኮል ከሥራ ውጭ ታደርገዋለች፤ የሰው አንጎል የሌለው ፍጡር በዚህ ወጥመድ አይያዝምና። ዌስሊና ሮቢን የምትባለው ወጣት መሐንዲስ ጨዋታው አንጎልን እንዴት እንደሚነካ በኮምፒዩተር መርምረው አደጋውን ይደርሱበታል። ዌስሊ ያየውን ለአዛዡ ለፒካርድ ይነግራል፤ ፒካርድ ግን እርሱም ተይዟል። በመጨረሻ ልጁን በኃይል ይዘው መሣሪያውን በዓይኑ ላይ ሊያጠልቁለት ሲታገሉ፣ ዳግም ነፍስ የዘራው ዳታ በሚብለጨለጭ ብርሃን ሁሉንም ከሰመመናቸው ያባንናቸዋል። የኢታና ሐሳብ ያለ አንዳች ተኩስ መላውን የጠፈር ኃይል መቆጣጠር ኖሯል።

ይህን ፊልም ለምን አነሣነው? በአንድ በኩል ሳይንሱ ብዙ ስንፍና አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ ከስማርት ስልክ ዘመን ብዙ ዓመታት ቀድሞ፣ ዛሬም ብዙዎቻችን በትክክል ያልተረዳነውን አንድ ነገር አስተውሏል ብለን እናምናለን።

ከስንፍናው እንጀምር። ፊልሙ በአንጎል ውስጥ የደስታ ቁልፍ አለ፣ ቁልፉን የነካ ሁሉ ባለቤቱን ባሪያ ያደርጋል ይለናል። ይህ ሐሳብ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በካናዳ ሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች ተክለው ነበር። አንዱ ኤሌክትሮድ ከታሰበለት ቦታ ስቶ ያርፋል። ያቺ አይጥ ታዲያ የኤሌክትሪክ ንዝረቱን ወዳገኘችበት የጠረጴዛ ማዕዘን እየደጋገመች ትመለስ ጀመር። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ችላ አላሉትም። አይጦቹ ራሳቸው እየተጫኑ ንዝረቱን የሚያገኙበት ማንሻ ሠሩላቸው፤ እነርሱም በሰዓት በመቶዎች፣ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎችም በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተጫኑት። በቀን ውስጥ ለአጭር ጊዜ ብቻ ምግብና ማንሻው ጎን ለጎን ሲቀርቡላቸው ምግቡን ትተው ማንሻውን የመረጡ አይጦችም ታይተዋል። «የደስታ ማዕከል» የሚለው ስያሜ በጋዜጦችና በፊልሞች የተሠራጨው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ይሁን እንጂ አይጧ ማንሻውን አንድ ሺህ ጊዜ መጫኗ በእርግጥ ደስ እንዳላት ያስረዳል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ለማግኘት ግን አሥርት ዓመታት ፈጅቷል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ፣ በአይጦች አንጎል ውስጥ ያለውን ዶፓሚን የተባለ ቅመም ከሞላ ጎደል አጠፉት። አይጦቹ ምግብ ፊታቸው ቢቀመጥም ሄደው የማይበሉ ሆኑ። ስኳር ያለበት ጠብታ በአፋቸው ሲገባ ግን እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን ላሱ። ማጣጣሙ አለ፤ መፈለጉ ግን ጠፍቷል። ከዚህና ከተከታዮቹ ሥራዎች የተገኘው ትምህርት፣ አንጎል «መፈለግን» እና «መደሰትን» በተለያዩ መንገዶች የሚያከናውን መሆኑ ነው። ዶፓሚን በዋነኛነት የመፈለግ እንጂ ብዙዎች እንደሚሉት የደስታ ቅመም አይደለም። ሁለቱ ሲለያዩ ሰው የማይወድደውን ነገር አጥብቆ ሊፈልግ ይችላል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩን በጣቱ እየገፋ «ምን አገኘሁበት?» ብሎ ራሱን የጠየቀ አንባቢ ነገሩን ያለ እኛ ማብራሪያ ያውቀዋል።

የፊልሙ ሁለተኛ ስንፍና ከዚህ ይብሳል። የኢታና ጨዋታ በተሳካ ቁጥር ሁልጊዜ ይሸልማል። እውነተኛው አንጎል ግን በእርግጠኛ ሽልማት ይሰለቻል። ቮልፍራም ሹልትዝ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ የዶፓሚን ነርቭ ህዋሳት ድንገት ለመጣ የፍራፍሬ ጭማቂ በብርቱ ይነቃሉ። ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ መብራት የሚበራ ከሆነ ግን ንቃቱ ወደ መብራቱ ይሸጋገራል፤ ለጭማቂው ለራሱ ምላሽ መስጠታቸውን ይተዋሉ። ህዋሳቱ የሚለኩት የተጠበቀውና የተገኘው እንዴት እንደተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሹልትዝና ሁለት ባልደረቦቹ አንድ ተጨማሪ ነገር አሳዩ፤ ሽልማቱ እስኪመጣ ባለው የጥበቃ ጊዜ ውስጥ የህዋሳቱ ንቃት ከሁሉ የሚያይለው የመምጣቱ ዕድል 50 በመቶ ሲሆን፣ ማለትም ነገሩ ፍጹም ሳይታወቅ ሲቀር ነው። የባሕርይ ጥናት ሊቁ ስኪነር ከፈርስተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ርግቦች መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅ ጥሬ ያለ ዕረፍት እንደሚቆነጥሩ አስቀድሞ መዝግቦት ነበር። የቁማር ማሽን ሠሪዎች ይህን ያወቁት መጽሐፉን አንብበው አይመስለንም፤ ገንዘብ ሲቆጥሩ ሳይደርሱበት አልቀሩም።

እንግዲህ ኢታና ሥራዋን በሚገባ ብታውቅ ኖሮ አንዳንዴ የሚሸልም፣ አንዳንዴም ባዶ የሚሰድድ ጨዋታ በሠራች ነበር። ዛሬ ስጦታ ተብለው በነጻ የሚቀርቡልን መሣሪያዎች ግን ይህን ያውቃሉ። ገጹን ወደ ታች ስንጎትት አዲስ ነገር ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ፌስቡክ ያስገባው የ«ወደድኩት» ምልክት ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም። ማለቂያ የሌለውን ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የነደፈው አዛ ራስኪን በኋላ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። በክፍያ የሚከፈቱ የዕድል ሳጥኖች ያሏቸውን የኮምፒዩተር ጨዋታዎች በተመለከተም፣ የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 አንዳንዶቹን በቁማር ሕግ ሥር የሚወድቁ ናቸው ሲል ወስኗል።

እዚህ ላይ ሚዛን እንዳንስት እንጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ1998 በለንደን ስምንት ወንዶች የታንክ ጨዋታ ሲጫወቱ በአንጎላቸው ውስጥ ዶፓሚን መለቀቁ በምርመራ ታይቶ በ«ኔቸር» መጽሔት ታትሟል። ይህን ይዞ «ጨዋታ ማለት ዕፅ ነው» ብሎ የሚጮኽ ሁሉ ግን ሥራውን በቅጡ አላነበበም ማለት ነው። ምግብም፣ የናፈቁትን ሰው ማየትም ይህንኑ ቅመም ያንቀሳቅሳል። በፈተና ሰሞን በየዶርሙ የሚቃመው ጫት በውስጡ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን በቀጥታ በኬሚካል አስገድዶ የሚያስለቅቅ ሲሆን ስልክ ግን በዓይንና በጆሮ በኩል፣ በተስፋ አማካይነት ብቻ የሚሠራ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጨዋታ ሱስን ሲያካትት፣ ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ማቃቱን፣ ጨዋታውን ከሌላው ኑሮው ማስቀደሙንና ጉዳቱን እያየ መቀጠሉን በመስፈርትነት ያስቀመጠ ሲሆን ይህም በተለምዶ ለአንድ ዓመት ያህል መቆየት አለበት። ይህም ሆኖ ውሳኔው የተቻኮለ ነው ብለው የተቃወሙ ተመራማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን በእግር ኳስ ጨዋታ ያሳለፈን ጓደኛ «ሱሰኛ» ብሎ መጥራት ሳይንስ አይደለም።

ታዲያ ፊልሙ በትክክል ያስተዋለው ምንድን ነው? የስጦታውን መንገድ ነው። ኢታና በራይከር ላይ ብቻ ደከመች፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው ማታለል አላስፈለጋትም። ሁሉም የተቀበለው ከሚያምነው ሰው እጅ ነው፤ ልጅ ከእናቱ፣ የበታች ከአዛዡ። ሰጪዎቹም ክፋት አልነበራቸውም፤ ጥሩ ነገር ያካፈሉ መስሏቸዋል። እምቢ ያለው ዌስሊ ብርቱ ፈቃድ ስለነበረው ብቻ ያመለጠ አይመስለንም፤ ሮቢን አብራው ነበረችና፣ እርሷ ከተያዘች በኋላ ብቻውን ብዙ አልቆየም። እኛም በየዶርማችን የምናየው ይህንኑ ነው። ከስምንት ሰዎች ሰባቱ የአንድ ቡድን አባል ሲሆኑ ስምንተኛው የነገው ፈተና የት ክፍል እንደሆነ እንኳ የሚሰማው በዚያው ቡድን በኩል ነው። እርሱን «ስልክህን ዝጋና አጥና» ብሎ መምከር፣ ፒካርድ ራሱ ተይዞ ሳለ ዌስሊን ለፒካርድ አመልክት እንደማለት ነው። ወላጆችና መምህራን ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው የፈቃድ ድካም ላይ ሲጥሉ የምንቃወመው ለዚህ ነው። በአንድ ወገን አንድ የደከመው ልጅ፣ በሌላው ወገን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ በየቀኑ ሙከራ የሚያደርጉ መሐንዲሶች ባሉበት ግጥሚያ፣ የልጁን ስንፍና ብቻ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው።

እነዚያ መሐንዲሶች ደግሞ ከሰማይ አይወርዱም። ከእኛው ዓይነት ፋኩልቲ፣ ከእኛው ዓይነት የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ይወጣሉ። ስለ ዶፓሚን በባዮሎጂ ክፍል፣ ስለ ተጠቃሚ ቆጠራ በኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ይማራሉ፤ ሁለቱ ክፍሎች ግን በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ እምብዛም አይነጋገሩም። አንድን የስልክ ፕሮግራም በመመረቂያ ሥራነት የሚያቀርብ ተማሪ ፕሮግራሙ ፈጣን መሆኑንና እንደማይበላሽ ይጠየቃል። ሰውን እንዴት እንደሚይዝና ተጠቃሚው ሲበቃው በቀላሉ ሊለቀው እንደሚችልም ሊጠየቅ ይገባል እንላለን። ተማሪው መልሱን የሚያገኝበት መለኪያም አስቸጋሪ አይደለም፤ ሰዎች ስንት ሰዓት እንደቆዩበት ከመቁጠር ይልቅ የመጡበትን ጉዳይ ፈጽመው መሄዳቸውን መቁጠር ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዲህ ያለ አንድ ሥራ ሲቀርብ በአዳራሹ ነበርን። ተማሪዎቹ ለጀማሪዎች የሒሳብ መለማመጃ ሠርተው ነበር፤ ሥራቸውም በእውነት ያማረ ነበር። ጥያቄ የመለሰ ሁሉ ሳጥን ይከፍታል፤ ሳጥኑ አንዳንዴ ኮከብ ይሰጣል፣ አንዳንዴ ባዶ ነው። አንድ ቀን ያቋረጠ የሰበሰበውን ሁሉ ያጣል። አቅራቢው በኩራት «ተጠቃሚዎቻችን እኩለ ሌሊት ላይ ሳይቀር ይከፍቱታል» አለ፤ በግራፍም አሳየ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት መምህርት እጃቸውን አውጥተው የተጠቃሚዎቹ የሒሳብ ውጤት ተሻሽሎ እንደሆነ ጠየቁ። አቅራቢው ጓደኞቹን ዞር ብሎ ተመለከተ፤ ከዚያም ያንን ገና አልለካነውም ሲል መለሰ።