ካሜራችሁን ሞጆ ላይ አትዝጉ

ለአገር ጎብኚ መምሪያ የሚጽፉ ሰዎች አንድ የጋራ ልማድ አላቸው። መንገደኛውን ከአዲስ አበባ ያስወጡና ቢሾፍቱ ሲደርስ ሆራንና ባቦጋያን ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ይመክሩታል፤ ከዚያ በኋላ ሶደሬ ወይም ላንጋኖ እስኪደርስ ድረስ ካሜራው ከማኅደሩ አይወጣም። በመካከል ያለችው ሞጆ ነዳጅ የሚቀዳባት፣ ቢበዛ አንድ ስኒ ሻይ የሚጠጣባት ስፍራ ሆና ትቀራለች።

እኛ ይህን ልማድ እንቃወማለን። ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ሐይቆቹን ከማንሣቱ አስቀድሞ ሞጆን ሊያነሣ ይገባዋል እንላለን። ይህን ስንል አንዳንድ ወዳጆቻችን ይስቁብን ይሆናል፤ ነገር ግን ለቀልድ አልተናገርነውምና ምክንያታችንን እንዘረዝራለን።

አገራችን ባሕር የላትም፤ ወደብ ግን አላት። ያውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠ፣ መርከብ ዓይቶ የማያውቅ ወደብ ነው። ከውጭ የሚገባው ዕቃችን በአብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ሲሆን፣ በኮንቴይነር ተጭኖ ከሚመጣውም ትልቁ ድርሻ የሚራገፈው ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ይህ መጽሔት የተባዛበት ወረቀትና ቀለም እንኳ በዚያ ሳያልፍ አልቀረም። መንገዱም የሚለያየው እዚሁ ነው፤ አንዱ ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ ይታጠፋል። የፈረንሳዮች ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በሞጆ አልፎ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም የሚያልፈው በሞጆ ነው። በሁለቱ መካከል ልክ መቶ ዓመት አለ። ስለ መጀመሪያው ሐዲድ የቀሩልን ፎቶግራፎች ግን አብዛኞቹን ያነሡት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ መሐንዲሱ ብዙ ጊዜ ከነስሙ ይታያል፣ ድንጋዩን የተሸከመው ያገራችን ሰው ግን ስም የለውም። በሁለተኛው መቶ ዓመትም እንዲሁ እንዲሆን አንፈልግም።

እንግዲህ ካሜራ የያዘ ሰው ሞጆ ላይ የት ይቁም? እኛ የወደድናቸው ስፍራዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው፣ ከባድ መኪኖች ተደርድረው የሚያድሩበት የመንገድ ዳር ነው። እዚያ መድረስ የሚገባው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ስለምትበራ አቧራው ሳይቀር ወርቅ ይመስላል። ሾፌሩ ከጀሪካን እየቀዳ ፊቱን ይታጠባል፤ ረዳቱ ጎማውን በብረት እየመታ ያዳምጣል፤ ሻይ የምታፈላዋ ሴት ከሰሏን ታራግባለች። ከሦስት ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ይጠነክርና ሁሉም ነገር ይነጣል።

ሁለተኛው፣ ከወደቡ ራቅ ብሎ ያለው የእርሻ ማሳ ነው። የሉሜ ወረዳ ጤፍ አብቃይ መሆኑ የታወቀ ነው። በኅዳር ወር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ አጫጆቹ ማጭድ ይዘው ጎንበስ ሲሉ፣ ከበስተኋላቸው እንደ ክብሪት ቀፎ የተደረደሩት ቀይና ሰማያዊ ኮንቴይነሮች ይታያሉ። አንድ የምጣኔ ሀብት መምህር በሁለት ሰዓት ትምህርት የሚያስረዳው ነገር እዚያ በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ይገኛል።

ሦስተኛው የሞጆ ወንዝ ድልድይ ነው። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ ወንዙም የከተማውንና የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይወርዳል። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ተሠርቶ በተመረቀው ግድብ የተፈጠረ ሐይቅ ሲሆን፣ ዓሣ አጥማጁም ከብቱም ጉማሬውም የሚጠቀሙት በዚያው ውኃ ነው። መንገደኛው ጉማሬውን ለማንሣት ይቸኩላል፤ እኛ ግን አስቀድሞ ወደዚያ የሚወርደውን ውኃ ያንሣ እንላለን። አንድ ተማሪ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከአንድ ድልድይ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ አንድ ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ማንም የማይክደው ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል።

አራተኛው ከሞጆ ወደ አዳማ ሲጠጉ ነው። በኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች ናቸው፤ በሁለት ዙር የተተከሉት 136 ሲሆኑ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት ያመነጫል። እነዚህን እንኳ ሁሉም ያነሣቸዋልና አናበዛባቸውም።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንምጣ። «ይህ ሁሉ ውበት የለውም» የሚሉን አሉ። ሐይቅ ውብ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን እንግዳ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞ የሚሄደው ውኃ፣ ወፍና የፀሐይ መጥለቂያ ብቻ ከሆነ፣ እዚህ ሰው የማይሠራና የማይደክም ይመስለዋል። አንድ ሳምንት ሙሉ መሪ ጨብጦ ከጅቡቲ የመጣ ሾፌር ከፔሊካን ያነሰ ሥዕል አይወጣውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚከብደው ነው፤ እርሱም «ክልክል ነው» የሚለው ቃል ነው። የጉምሩክ ግቢ ጥበቃ እንደሚያስፈልገው እናውቃለን፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለ ፈቃድ ይነሣ የሚል ክርክርም የለንም። የምንከራከረው ክልከላው ወሰን ስለሌለው ነው። አንድ ጓደኛችን ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ አስፈቅዶ ሻይ ሻጭ ሲያነሣ ዘበኛ መጥቶ ስልኩን ተቀበለውና በውስጡ ያለውን ሁሉ አጠፋበት፤ የእኅቱ የሠርግ ፎቶግራፍ ሳይቀር አብሮ ጠፋ። «የተከለከለው ምኑ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ያገኘው መልስ «ክልክል ነው» የሚል ብቻ ነበር።

ዘበኛውን አንወቅስም። ወሰኑን ማንም አልነገረውምና ሁሉን መከልከል ለእንጀራው ይበጀዋል። ወቀሳችን ወሰኑን ጽፈው ላልሰጡት አለቆች ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። በየአጥሩ ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ ምን እንደተከለከለና ክልከላው እስከየት እንደሚደርስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአንድ የውጭ ቋንቋ ይግለጽ። ፈቃድ የሚሻ ሰው የሚጠይቀው አንድ ክፍል ይታወቅ፤ መልሱም በዚያው ቀን ይሰጥ። ደግሞም ከአጥሩ ውጭ፣ ወደቡ ከሩቅ የሚታይበት አንድ ከፍ ያለ ቦታ ለተመልካች ይከለል። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ በአጠገቡ ሻይና ቆሎ ለሚሸጡትም ገበያ ይሆናቸዋል።

ለባለካሜራውም የምንለው አለን። ሰው ሐይቅ አይደለምና ሳይጠየቅ አይነሣም። መጀመሪያ «አካም ጅርታ» ይበል፤ ጋሼም እትዬም ብሎ ጠርቶ ያስፈቅድ፤ «አይሆንም» ከተባለ አመስግኖ ይለፍ። ሳንቲም ወርውሮ ከማንሣት ይልቅ ፎቶግራፉን አሳጥቦ በሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። በመኪናው ጥላ ሥር የተኛውን ሾፌር ተደብቆ ማንሣት ግን ነውር ነው።

በመጨረሻም ነገሩ ወደ እኛው ይመለሳል። ፎቶግራፍ ላገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የፎቶግራፍ አንሺነት ሥራ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ካሜራ የጌቶች ዕቃ ነበረ። ዛሬ በያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ፤ እኛ ግን የምናነሣበት የራሳችንን ፊትና የመዝናኛ ቦታ ብቻ ነው። አባቶቻችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። የሞጆን ሾፌር፣ የሉሜን አጫጅና የቆቃን ዓሣ አጥማጅ እኛ ካላነሣናቸው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተማሪ ደግሞ ስም የሌለው ሰው ፎቶግራፍ እያየ ይጠይቃል።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ወደ ሞጆ የፎቶግራፍ ጉዞ እንዲያዘጋጅ፣ የተነሡትንም ሥዕሎች ከባለቤቶቻቸው ስምና ፈቃድ ጋር በመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅል አሳብ እናቀርባለን። ሐይቆቹ የትም አይሄዱም፤ ከሰዓት በኋላ እንደርስባቸዋለን።