የነፃነት ፊት ስንት ያወጣል?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 የአገሪቱን ሳንቲሞች የሚቀርጸው የአሜሪካ ሚንት፣ ለ225ኛ ዓመት ልደቱ ያዘጋጀውን የወርቅ ሳንቲም ንድፍ ዋሽንግተን ላይ ይፋ አደረገ። ሳንቲሙ አንድ አውንስ ይመዝናል፣ 24 ካራት ነው። 100 ዶላር የሚል ተጽፎበታል፤ መሸጫው ግን 1,640 ዶላር ነበር። ወሬውን ያጋጋለው ዋጋው አልነበረም። ከ1790ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ሳንቲሞች ላይ በሴት አምሳል የምትቀረጸው ነፃነት፣ በዚህ ሳንቲም ላይ ጥቁር አሜሪካዊት ሆና ብቅ አለች። ፀጉሯን ሰብስባ አስራለች፤ የከዋክብት አክሊልም ደፍታለች።

ሳንቲም ሰብሳቢ ነገር አጣሪ ነው። በአጉሊ መነጽር ጭረት ሲፈልግ የሚያመሽ ሰው አዲስ ንድፍ አይቶ ዝም ይላል ተብሎ አይጠበቅም። ከፊሉ በደስታ ተቀበላት፤ ፊቷ በሕይወት ያለ ሰው ፊት እንጂ የግሪክ ሐውልት ቅጂ አይደለም አለ። ሌላው ነፃነት ሐሳብ ናትና ዘር አይሰጣትም ሲል ተከራከረ። ወርቅ ላይ ፖለቲካ ገባ ብሎ የተቆጣም አልጠፋም። ስለ ፊቷ ትንፍሽ ሳይል እኛ ጎፈር በምንለው ጎን የሚበረውን ንስር ብቻ ያደነቀም ነበር። 

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ክርክር የዘሩ ነው። ነፃነት ሐሳብ ናት የሚለው አባባል በራሱ ስህተት የለበትም። ይሁን እንጂ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል አብዛኛውን ጊዜ የአውሮፓዊት ፊት ይዛ ስትወጣ ያንን ዘር ብሎ የጠራው አልነበረም። ደግሞም የሰብሳቢዎቹን ክርክር የሚያፈርስ ማስረጃ የተቀመጠው በራሳቸው ሣጥን ውስጥ ነው።

ብዙዎች ከአሜሪካ የወርቅ ሳንቲሞች ሁሉ ቁንጮው ነው የሚሉት በ1907 የወጣው ባለ20 ዶላሩ፣ የቀራፂው ኦገስተስ ሴንት ጎደንስ ሥራ ነው። በአንድ እጇ ችቦ፣ በሌላው የወይራ ቅርንጫፍ ይዛ ወደ ፊት የምትራመድ ነፃነት አለችበት። በዚያው ንድፍ የተቀረጸ አንድ የ1933 ሳንቲም በ2021 ኒውዮርክ ላይ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል። ሴንት ጎደንስ የነፃነትን ቁመና ያገኘው ቀደም ሲል ለጄኔራል ሸርማን ሐውልት ከሠራት የድል ምስል ነው፤ ሐውልቱ ዛሬም ማንሃተን ውስጥ ሴንትራል ፓርክ ጥግ ቆሟል። ለድል ምስል ሞዴል ሆና የቆመችው ሄቲ አንደርሰን ትባላለች፤ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ስሟ ለአሥርት ዓመታት ተረስቶ ኖረ። እንግዲህ በ2017 ጥቁር ነፃነት አዲስ ነገር ናት ያለ ሁሉ፣ የደገፈውም የተቃወመውም፣ 110 ዓመት ዘግይቷል። ልዩነቱ የ1907ቷ ማንነቷ ሳይነገር መውጣቷ፣ የ2017ቷ ግን በይፋ መነገሩ ነው።

በ1907 ሕዝቡ የተቆጣው በሌላ ነገር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ምስል ከፍ ብሎ ስለወጣ ባንኮች አንዱን በአንዱ ላይ መደርደር አልሆነላቸውም። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ደግሞ የፈጣሪን ስም ገንዘብ ላይ ማተም ድፍረት ነው ብለው ስለሚያምኑ "በእግዚአብሔር እንታመናለን" የሚለው ጽሑፍ ቀርቶ ነበር፤ ኮንግሬስ በ1908 እንዲመለስ አዘዘ።

የ1908 ሌላው ጠብ ይበልጥ ያስቃል። ቤላ ፕራት ለባለ2 ዶላር ተኩልና ለባለ5 ዶላር ሳንቲሞች የአንድ ነባር አሜሪካዊ ምስል ነደፈ፤ ምስሉም እንደ ወትሮው ከፍ ማለቱ ቀርቶ ወደ ውስጥ ጠልቆ ተቀረጸ። ፊላደልፊያ ውስጥ የታወቀው የሳንቲም ነጋዴ ሳሙኤል ሃድሰን ቻፕማን ለሩዝቬልት በጻፈው ደብዳቤ ያልነቀፈው ነገር አልነበረም። ሰውዬው ከስቷል፤ ጎድጓዳው ቆሻሻ ይዞ በሽታ ያስተላልፋል፤ ሳንቲሙ አይደረደርም፤ ለሐሰተኛ ገንዘብ ሠሪም ይመቻል። ሐሳቡን ያመነጩት የፕሬዚዳንቱ ወዳጅ ዶክተር ቢጌሎ፣ ምስሉ የተወሰደው ሙሉ ጤነኛ ከነበረ ሰው ፎቶግራፍ ነው ሲሉ መለሱ። ቻፕማን በሽታ ያስተላልፋሉ ያላቸውን ሳንቲሞች ዛሬ ሰብሳቢዎች ዓመት በዓመት ለማሟላት ይለፋሉ።

ሰብሳቢ በመጀመሪያው ሳምንት በሚናገረው ብቻ ስለ ንድፉ ዕጣ መተንበይ አይቻልም። የሚሻለው ኪሱን ማየት ነው። የ2017ቷን ነፃነት የነደፈው ጀስቲን ኩንዝ የ2015ቷንም የነደፈ ሰው ነው። ያቺኛዋ ችቦና ባንዲራ ይዛ የቆመች ናት፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጫጫታ አልተነሣም። በ1,490 ዶላር 50 ሺህ ሳንቲም እንዲሸጥ ተወስኖ ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቀ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሚንቱ ገደቡን ወደ 100 ሺህ አሳደገ፤ ዋጋውም 150 ዶላር ጨመረ። በመጀመሪያው ቀን ከ14 ሺህ በላይ ተሸጠ፤ ከዚያ ገበያው ተቀዛቀዘ። በመጨረሻ የተሸጠው ከገደቡ ሲሶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህን አይተው ፊቷ አልተወደደም ያሉ አሉ። የፊቷ ነገር ጭራሽ ሚና አልነበረውም ማለት ባይቻልም፣ ይህ ዓምድ ግን ቁጥሩን ይጠረጥራል። የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ያኔ 1,250 ዶላር አካባቢ ነበር። ገዢው በዚያ ላይ 400 ዶላር ገደማ የሚጨምረው ሌላው የማያገኘውን ለመያዝ ነው፤ 100 ሺህ ከተቀረጸ ሌላውም ያገኘዋል።

የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ምስል ያለበትን የወርቅ ሳንቲም ማስታወስ ይበቃል። በኦገስት 2014 ቺካጎ አጠገብ ሮዝሞንት በተካሄደው የሳንቲም ትርዒት ላይ ሚንቱ ባለ1,240 ዶላሩን ሳንቲም በቀን 500 ብቻ መሸጥ ጀመረ። የኬኔዲ ፊት ከ1964 ጀምሮ በሳንቲም ላይ ሰው የሚያውቀው ነው፤ አዲስ ነገር አልነበረውም። ሰዉ ግን ውጭ አደረ፤ ነጋዴዎች ለወረፋ ያዥ ከፈሉ። ግፊያው ስላስፈራ ሚንቱ በዚያ ትርዒት ላይ ሽያጩን ለማቆም ተገደደ።

ሚንቱ በ2017 ወደፊት የእስያና የሂስፓኒክ ዝርያ ያላቸውን ጨምሮ ሌሎች ነፃነቶች እንደሚከተሉ ተናግሮ ነበር። በ2019 የመጣችው ዘሯ ያልተነገረ፣ የጨረር ዘውድ የደፋች ሴት ናት። በ2021 በሴት ፈንታ ኮርቻውን አሽቀንጥሮ የሚጥል የዱር ፈረስ ወጣ፤ በ2023 ደግሞ ዕድሜ ጠገብ የጥድ ዛፍ። የፈረሱ ሳንቲም 12,500 ብቻ እንዲቀረጽ ተወስኖ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። የ2017ቷም በዚህ ቁጥር ብትወጣ ኖሮ፣ ከፊቷ ጋር የተጣሉት ራሳቸው ሰልፍ በያዙ ነበር።